ወራጁ ቡድን የሚያደርሰው ኳስ

አንድ እግር ኳስ ወዳድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ይርዳው ይባላሉ። በዘመናቸው ኳስ የሚጫወተው ከሥራ መልስ ነበር፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። የአገሪቱ ሻምፒዮና የሚባለውም የዋና ከተማው ጥቂት ቡድኖች በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ነበር። የክፍለ ሀገሩ ሰው በሬዲዮ ይሰማል እንጂ አይጋበዝም። ይህ አቶ ይርዳውን ያንገበግባቸው ነበርና አገር ላገር ዞረው ከወረዳ እስከ አንደኛ ዲቪዚዮን የሚያደርስ የአማተር ሊግ አቋቋሙ። ሕጉ አጭር ነው፤ ከታች አንደኛ የሆነ ያድጋል፣ ከላይ መጨረሻ የሆነ ይወርዳል።

አንድ ልማድም ጨመሩበት። የወረደው ቡድን የዲቪዚዮኑን ኳስ ይዞ ወዳደገው ቡድን አገር ይሄዳል፣ በእጁ ያስረክባል፣ አብሮ ይበላል። ቂም እንዳይኖር ብለው ነው።

አንድ ዓመት የቆዳ ፋብሪካው ቡድን ወረደ። አምበሉ እያለቀሰ አንድ ዕድል ሲለምናቸው አቶ ይርዳው፣ «ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ» ብለው ኳሱን አስያዙት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ!

በዓመቱ የወረደው ግን አቶ ይርዳው በወጣትነታቸው የተጫወቱለት፣ ማልያውን ዛሬም ሳሎናቸው የሰቀሉት የዱቄት ፋብሪካው ቡድን ሆነ። ከታች ያደገው የቆላ ሸንኮራ ቆራጮች ቡድን ነው። አቶ ይርዳው እህል አልወርድ አላቸው። በመጨረሻ የሊጉን ኮሚቴ ሰብስበው፣ «ዘንድሮ ወራጅ አይኑር። ሊጉን አስፍተን ቆራጮቹንም እናስገባ። ማን ይጎዳል?» አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

የምሥራቹን ሊነግሩ ራሳቸው ቆላ ወረዱ። ቆራጮቹ ሜዳቸውን ጠርገው፣ ለእንግዶቻቸው ፍየል አስረው ይጠብቃሉ።

«ኳሱስ?» አለ አምበሉ ቦንኬ፣ ባዶ እጃቸውን አይቶ።

«ዘንድሮ የሚወርድ የለም። እናንተን ግን አስገብተናችኋል፤ ደስ ይበላችሁ!»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ አሸንፈን ነው። ዛሬ በችሮታ ካስገቡን ነገ በችሮታ ያስወጡናል። ደግሞ አምና ያ የቆዳ ፋብሪካው አምበል ለምን አለቀሰ?»

አቶ ይርዳው አፈሩ። ፍየሉም ያን ቀን አልታረደም።

በሳምንቱ፣ ኮሚቴው ውሳኔውን ከሻረ በኋላ፣ አንድ የጭነት መኪና ቆላ ወርዶ ሜዳው ዳር ቆመ። የዱቄት ፋብሪካው ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ፤ ከፊት ኳሱን የያዙት አቶ ይርዳው ነበሩ። ለቦንኬ ሲያስረክቡ እንባቸው መጣ። ቦንኬ ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ፣ «ይግቡ ጋሼ፣ ፍየሉ እርስዎን ነው የጠበቀው» አላቸው።

የዱቄት ፋብሪካው ቡድን ተመልሶ ያደገው አቶ ይርዳው ካለፉ በኋላ ነው። ኳሱን ያመጡለት በዚያ ዓመት የወረዱት ሸንኮራ ቆራጮች ነበሩ። ማንም ሕጉ ይቀየርልን አላለም።

ወዳጄ፣ ሕግ የሚፈተነው ሌላው ሲወርድ አይደለም፤ የራስ ወገን ሲወርድ ነው። ለራሳችን ስንል የምናጣምመው ሕግ፣ ያሸነፈውን ሰው ድል ወደ ምጽዋት ይለውጥበታል። እርስዎስ የሚወዱት ቡድን መጨረሻ ሲወጣ ኳሱን ይዘው ይሄዳሉ?