መጨረሻ የሚያጠጣው የውሃ አባት

— ተረት ተረት!
— የላም በረት!
ላሟም ገብታ ተኝታለች። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንዲት ቦይ ከወንዝ ውሃ ጠልፎ የሚኖር መንደር ነበር። ቦይዋ ረጅም ናት። ከላይ አፏ፣ ከታች ጭራዋ። ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው ይሾሙና «የውሃ አባት» ይሉታል። የውሃ አባት ከሁሉ ቀድሞ ማሳውን ያጠጣል። ደንባቸው ነው። ለምን ሲሏቸው፦ «የጠገበ ዳኛ አያዳላም» ይላሉ። እውነት ይመስላል። ለእነሱም መሰላቸው።

አያ ደምሌ የሚባል ሰው ተሾመ። ማሳው ከቦይዋ አፍ ላይ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል። መጀመሪያ ጎመኑን አጠጣ። ከዚያም ሸንኮራ ተከለ፤ ሸንኮራ ደግሞ ውሃ አይጠግብም። ከዚያም የወንድሙን ማሳ ጨመረ። ከዚያም የአማቱን።

ከቦይዋ ጭራ ላይ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ያላት አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት ነው። እሱ ከደረቀ የልጆቿ ቀለብ የለም። ተራዋ ማክሰኞ ነበርና ቦይዋ ዳር ተቀምጣ ጠበቀች፤ ውሃው ግን አልመጣም። አንዲት እንቁራሪት መጣች። እሷም ውሃ ፍለጋ ነበር የመጣችው።

አንጓችም ወደ ላይ ወጣች።
— አያ ደምሌ፣ ዛሬ ተራዬ ነበር እኮ።
— ውሃው ወርዷል፣ አንጓቼ። መንገድ ላይ መሬቱ ጠጥቶት ይሆናል።
— ያንተ ሸንኮራ መንገድ ላይ ነው እንዴ?
አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ።
— ምላስሽስ አልደረቀም! በይ፣ እግዜር ዝናብ ይስጥሽ።

የቦይ ጠረጋ ቀን ደረሰ። ሁሉም ከአፏ ይጀምሩና ደለሉን እየዛቁ ይወርዳሉ። ማሳው ጋ የደረሰ ሰው ዶማውን ተሸክሞ ይወጣል። እናም የላይኞቹ ለቁርስ ቤታቸው ናቸው፤ የጭራዎቹ ግን የሁሉንም ጠርገው ሲመሽ ይገባሉ። አንጓች ይህን ስታይ ኖራለች። ለጎረቤቶቿም እንዲህ አለች፦
— ዘንድሮ ከጭራ እንጀምር።
— ምን ለውጥ አለው? አላት ሽበሺ የሚባለው ጎረቤቷ።
— እኛም ማሳችን ጋ ስንደርስ እንወጣለን።

ከጭራ ጀመሩ። እየጠረጉ ወጡ። ማሳው ጋ የደረሰ ሁሉ ዶማውን ይዞ ገባ። አፏ ጋ ደምሌ፣ ወንድሙና አማቱ ብቻ ቀሩ። ደለሉ ለሦስት ሰው አይቻልም። ውሃው ደለሉን ገጨና ዞረ፤ ሸንኮራው ውስጥ ገባና ተኛ። ሥሩ ይበሰብስ ጀመር።

የአንጓችም ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። ከወንዝ በእንስራ እየተሸከመች ግማሹን አዳነች፤ ግማሹ ሞተ።

በሳምንቱ ደምሌ ወደ ጭራዋ ወረደ።
— ቦይዋ እዚህ ድረስ ናት እንዴ?
— እዚህ ድረስ ናት፣ አያ ደምሌ።
— እባካችሁ ውጡና ጥረጉልኝ።

መንደሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ።
— ደምሌ ይሻር! አንጓች ትሾም! አሉ።
— ተዉ፣ አለች አንጓች። እኔም ልጆች አሉኝ። ቀድሜ ካጠጣሁ እኔም ሸንኮራ እተክላለሁ። ሰውየውን ተዉትና ተራውን ቀይሩ። የውሃ አባት መጨረሻ ያጠጣ።
አንድ ሽማግሌ፦
— የተጠማ ዳኛ ቢሰርቅስ? አሉ።
— መጨረሻ የሚያጠጣ ሰው፣ እናንተ ከላይ ስትሰርቁ ዝም ይላችኋል?
ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። እሳቸውም ከላይ ነበሩ። ከዚያም ሳቁና እሺ አሉ።

ቦይዋ ተጠረገች። ደምሌም ተራው የሚደርሰው የሁሉም ማሳ ከጠጣ በኋላ ነውና፣ ሱሪውን ሰብስቦ ከአፍ እስከ ጭራ ሲሮጥ ዋለ። የሚያፈስ ባየ ቁጥር በጭቃ ይደፍናል። ወንድሙን ከተራው ውጭ ቦይ ሲሰብር አገኘውና፦
— አንተ! የመንደሩን ውሃ! ብሎ ጮኸበት።

ማክሰኞ ውሃው ጭራዋ ደረሰ። እንቁራሪቷም ከነልጆቿ መጣች። ሰውየው ያው ደምሌ ነው፤ የተለወጠው ተራው ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦውን የሚቆርሰው ግን መጨረሻ ይጉረስ።