ሐጂ ቡሽራና የፍሬኑ ግራሶ

ቁልቁለት አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸውና ንግግራቸው ጥቂት፣ ቃላቸው የታመነ ነበር። ወደ ቆላ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ሱቅ ይቆማል፤ ሐጂ ይሁን ካሉ ይሁን ነው።

ፍሬን ውስጥ የሚቀባ ግራሶ እንደ ሌላው ግራሶ አይደለም። ፍሬን ሲግል የማይቀልጥ፣ ጎሚኒውን፣ ማለትም የፍሬኑን የላስቲክ ማሸጊያም፣ የማይበላ መሆን አለበት። በእሱ ፈንታ የኩሽኔታ ግራሶ ከገባ ጎሚኒው ያብጣል፣ የፍሬን ሸራውን የሚያንሸራትተው ፒን ነክሶ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ፍሬኑም ወይ ይዞ አይለቅም፣ ወይ ሲፈለግ አይዝም። ሐጂ ይህን ለገዢ ሁሉ በትዕግሥት ያስረዱ ነበር።

አንድ የክረምት መውጫ ላይ፣ የሚያምኑት አከፋፋይ አዲስ ዓይነት ቆርቆሮ ላከላቸው። ላዩ ላይ የፍሬን ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ሐጂም ሳይፈትኑት፣ ደህናው ይሄ ነው እያሉ ሸጡት።

ብዙም ሳይቆይ ያንን ግራሶ የገዛ ይመር የሚባል የሚኒባስ ሾፌር የፊት ጎማው እየጋለ አስቸግሮት መጣ። ሐጂ አስፈትተው ሲያዩት ጎሚኒው ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጧል፤ ግራሶው ቀልጦ ወደ ሸራው ወርዷል። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። የኩሽኔታ ግራሶ ነው። ይመር ግን የቆላው አቧራ ነው እያለ ራሱን ይወቅሳል፤ ስለ ድካማቸውም ያመሰግናቸዋል።

የእህታቸው ልጅና የሱቁ ሸሪክ አብዱልዋሲዕ ሐጂን ወደ ጓዳ ጠራቸው። የቀረውን ቆርቆሮ እንመልስ፣ ተበላሽቶ የመጣውንም ሁሉ በነጻ እንጠግን፣ ነገሩን ግን አናውጣው አላቸው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሐጂ፣ አላህ ሲትር አድርጎልናል። እሱ የሸፈነውን እኛ ለምን እንገልጣለን?» አለ።

የሐጂ ልብ ወደ ንግግሩ አዘነበለ። ነፍስ የምትወደውን ነገር በዲን ቃል ሲነግሯት ቶሎ ታምናለች። በዚህ መሐል አዛን ተሰማና ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መስጂድ ገቡ። ሱጁድ ላይ ግንባራቸው መሬት ሲነካ ያ ወደ ቆላ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ድቅን አለባቸው፤ ሴትና ሕፃን የጫነ መኪና ቁልቁል ሲወርድበት።

ሶላቱን ጨርሰው ካሰላመቱ በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው ተነሡ።

«ጀማዓ፣ ከእኔ ሱቅ የፍሬን ግራሶ የገዛችሁ መኪናችሁን አታንቀሳቅሱ። የሸጥኩላችሁ የኩሽኔታ ግራሶ ነው። አላወቅሁም ነበር፤ አለማወቄ ግን ፍሬናችሁን አይዝላችሁም።»

ይመር እዚያው ሰግዶ ነበርና ቀረባቸው። «ቅድም ሳመሰግንዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ ነው፤ አፉ በለኝ» አሉት።

ሐጂ ያልሰሙትን ሾፌሮች ለማስቆም ወደ መናኸሪያው ሊሄዱ ተነሡ። ይመርም መንገዱ ይርቅዎታል፣ ብቻዎን አይሂዱ ብሎ አብሯቸው በእግር ወጣ። እዚያ ለቀስተኞች ጭኖ ሊነሣ የነበረ መኪና አገኙ። ሾፌሩ ያንኑ ግራሶ ገዝቶ ነበርና ሐጂ ሲነግሩት እየተቆጣ ሰዎቹን አወረደ። ጎማው ሲፈታ የሁለቱም የፊት ጎማዎች ፒን ነክሷል። ሾፌሩ ቁጣውን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው አሮጌውን ግራሶ አጠቡ፣ ጎሚኒውን ቀየሩ፣ ትክክለኛውን ቀቡ። በቀጣዮቹ ቀናትም የመጣውን መኪና ሁሉ እንዲሁ አደረጉ።

ነገሩ በምስጋና ብቻ አላለቀም። አከፋፋዩ ካደ። አንዳንድ የቆየ ደንበኛም ፊቱን ወደ ማዶው ሱቅ አዞረና በዚያው ቀረ። አብዱልዋሲዕ ይህን ባየ ጊዜ፣ አላህ የሸፈነውን በገዛ እጅዎ መግለጥዎ አይቆጭዎትም ወይ ሲል ጠየቃቸው።

«ልጄ፣» አሉ ሐጂ፣ «ሲትር ለነውር ልብስ ነው፤ ለጉድጓድ ክዳን አይሆንም።»

ወገኖቼ፣ ሲትር የታዘዘው ሰው በወንድሙ ውድቀት እንዳይደሰት፣ በድብቅ ተጸጽቶ የቶበተም እንዳይዋረድ ነው። እኛ ግን ይህን ትልቅ ራሕመት፣ የአላህን እዝነት፣ ሌላው ሊወድቅበት ባለው አደጋ ላይ እንዘረጋዋለን፤ ስማችን ተረፈ ብለንም አልሐምዱሊላህ እንላለን። እንግዲህ ዝም ባልን ጊዜ ዝምታችን ማንን እንደሚጠብቅ እንጠይቅ። መልሱ «እኔን ብቻ» ከሆነ፣ ሰውየው ቁልቁለቱን ሳይጀምር እንንገረው።