አያ ጅቦ የገዛት የርግቢት መኪና

አፌን ልከፍት ነውና ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። «ተረት» ስላችሁ «ይምጣ» በሉኝ። ካላላችሁኝ ዝም እላለሁ፤ ለምኖ የሚያስወራኝ የለም።

ተረት።

ይምጣ አላችሁ? ጎሽ።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ መኪናውም ወንበሩም የልቡን በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ጅብ ነበር። አያ ጅቦ ይሉታል። የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ነው። ሲመጣ በር ይዘጋል፤ ሲያልፍ ውሻ ይጮሃል። ሰላም ልበል ብሎ አፉን ከከፈተ ደግሞ ፍየል አይቀር፣ በግ አይቀር፣ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ይላል። ምን ያድርግ፤ ድምፁ የተሠራው ለሰላምታ አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰላም ማለቱንም ተወው።

በዚያው አገር ርግቢት የምትባል ዘፋኝ ርግብ ነበረች። እሷ ስትዘፍን ወፍጮው መፍጨቱን ይተዋል፣ ላሚቱ ጥጃዋን መላስ ትረሳለች ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የሰማሁትን ነው የማወራችሁ። ዝናዋ አገር ምድሩን ሲያዳርስ አንዲት ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ገዛች። ክንፍ እያላት መኪና ምን ያደርግላታል አትበሉኝ። ዝነኛ ሲሆኑ በክንፍ መሄድ ያሳፍራል መሰለኝ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ያቺ መኪና መጣች። እንደ ሌሎቹ ነዳጅ ሰጥታ ታመልጣለች ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ ቀስ አለች። ቆመች። መስኮቷ እስከ ታች ክፍት ነው። ርግቢት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ?» አለችው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። ግን እስቲ አስቡት፤ ከተወለደ ጀምሮ «ሂድ!» እና «ውጣ!» ከመባል በቀር ሌላ ያልሰማውን ጅብ «እንደምን ዋሉ» አለችው፣ በክብር። አያ ጅቦ ደነገጠ። መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ፣ ድምፁ አስፈርቶ እንዳያባርራት ብሎ መልሶ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እሱ ይህን ሲያደርግ መኪናዋ ሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እዚያው መንገድ ዳር መቆም ጀመረ። «ደኅና ነኝ» የምትለዋን መልስ በለሆሳስ እየተለማመደ ይቆማል። ርግቢት ግን በዚያ መንገድ ተመልሳ አላለፈችም። አንድ ቀን ወፎቹ ሁሉ ሲያለቅሱ ሰማ። ርግቢት ሞታለች። ያቺ መልስ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ተሰነቀረች ቀረች።

ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ ገበያ ወጣች የሚል ወሬ ደረሰው። ደላላዋ ማን መሰለቻችሁ? እመት ጦጢት ናታ። ሌላ ማን ይሆናል? ሁለት ውሃ ሰማያዊ ቮልሶች ጎን ለጎን አቁማ ትጮሃለች። በቀለምም በዕድሜም ቁርጥ መንትያ ናቸው።

አያ ጅቦ ሲደርስ ገበያተኛው ሸሸ። ጦጢት ብቻ አልሸሸችም፤ ደላላ ከገዢ አይሸሽም። ይህቺ የእመት ኤሊ ናት አለችው፤ ሞተሯ ደኅና፣ ጎማዋ አዲስ፣ እመት ኤሊ ጉልበቷ ደክሞ ፍሬን መርገጥ ቢያቅታት ነው የምትሸጠው፣ ዋጋዋም አንድ ጆንያ አጥንት። ያቺኛዋስ አላት። ያቺኛዋ ሞተሯ ያስላል፣ ጎማዋ አልቋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያዋ ያፈሳል።

«ዋጋዋስ?»

«ዋሻህ ውስጥ ያለው በሙሉ» አለች ጦጢት። «የርግቢት ናታ።»

ይሄኔ ጥግ ላይ የቆመችው እመት ኤሊ አላስችል አላት። የኔዋ ምን ጎደላት ብላ ጠየቀች። ስንት ምጥ የያዛት ጤና ጣቢያ ያደረሰች መኪና ናት እኮ አለች፤ እውነቷን ነው።

«እሱን ማን ያውቃል፣ እመት ኤሊ?» አለቻት ጦጢት። «አንቺንስ ማን ያውቅሻል?»

እመት ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። መኪናዋን ለአንድ በግ በጆንያ አጥንት ሸጣ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። የእሷን እግር ታውቁታላችሁ።

አያ ጅቦ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን አጥንት ዋሻው ባዶ እስኪቀር አወጣ። ጦጣ አጥንት ምን ያደርግላታል ካላችሁ፣ ውሾች ለምን ተፈጠሩ? ገበያው ሁሉ ሳቀበት። ይህ ጅብ አብዷል፣ ብረት ያው ብረት ነው አሉ። እሱ ግን የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ያ ድምፅ መኪናዋ ውስጥ የሆነ ቦታ ተደብቆ አለ፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ አንዴ ሰምቼው መልሴን እሰጣለሁ ብሏል በልቡ።

እቤቱ እንዳደረሳት መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? መስኮቶቹን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። የርግቢትን ትንፋሽ ንፋስ እንዳይወስድበት ነዋ! አትሳቁ። እናንተም አውቶቡስ ላይ በዚያ ሁሉ ሙቀት «መስኮት ዝጉ፣ ብርድ ገባ» እያላችሁ የምትጨቃጨቁት ናችሁ። እሱማ ብሶበት በቀዳዳው ሁሉ ጨርቅ ወተፈ፤ ወንበሩንም እንዳይነካካ ላስቲክ አለበሰው። ከዚያ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና ጆሮውን አቆመ።

ምንም የለም።

በመጀመሪያው ማታ ወንበሩን ለመነው። አንተ ይዘሃት ኖረሃል፣ እባክህ ድምጿን አሰማኝ አለው። ወንበሩ ከላስቲኩ ሥር እየተንሿሿ፣ ክብደቷን ነው የማውቀው አለ። «እፍኝ ጤፍ አታህልም ነበር። አንተ ስትቀመጥብኝ እሱም ጠፋብኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

በማግስቱ ሬዲዮኑን ለመነው። ሬዲዮኑ ኩራተኛ ነበር። እኔ የስንቱን ዘፈን ይዣለሁ አለ፣ የእሷን ብቻ አልያዝኩም፤ ገና ስትገባ ነው ጆሮዬን ጠምዝዛ የምታጠፋኝ። መንገድ ላይ ያለውን መስማት ነበር የምትወደው። እንዲህ ብሎ አኮረፈ።

በሦስተኛው ማታ አያ ጅቦ ማንንም አልጠየቀም። አየር በሌለበት ተቀምጦ ሲያሸት፣ የሚሸተው ጅብ ጅብ ነው። የርግቢት የላባ ጠረን የለም። ቆልፎ ያስቀመጠው ራሱን ኖሯል። ያን ጊዜ ሆድ ባሰው። ናፍቆት ሲበዛ ጅብም ያለቅሳል፤ አለቀሰ። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ፣ ዋሻዬ ባዶ ቀረ፣ እሷም የለች፣ ድምጿም የለ፣ እያለ አለቀሰ።

እሱ ሲያለቅስ መስኮቱ ተናገረ። ጨርቅ ተወትፎበታልና ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ክፈተኝ።»

«ንፋስ ይወስድብኛል» አለ አያ ጅቦ።

«ምኑን ነው የሚወስድብህ? ርግቢት አንድ ቀን ዘግታኝ አታውቅም። ያቺ ሰላምታ እኮ በእኔ በኩል ወጥታ ወደ አንተ ሄዳለች። መኪናዋ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ? ያለችው አንተ ጋ ነው።»

አያ ጅቦ እንባውን ጠረገ። ከዚያ ጨርቁን አንድ በአንድ ነቀለ። የመስኮቱ መዘውር ዝጎ ነበርና እየተንጫጫ ዞረ። ንፋሱ ገባ። ቅዝቃዜው ጆሮ ግንዱን ሲመታው ብርድ ይመታኛል ብሎ ፈራ፤ ምንም አልሆነም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ መኪናዋን አስነሳት። አስላ አስላ ተነሳች። በዚያው ርግቢት ባገኘችው መንገድ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ከፊቱ መንገድ ዳር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። እመት ኤሊ ናት። ከዚያ ገበያ ወጥታ ቤቷ ገና አልደረሰችም። ጅቡን ስታይ አንገቷንም እግሯንም ሰብስባ ድንጋይ ሆነች። አያ ጅቦ ቆመ። ይህን አስቀያሚ ድምፄን ባወጣው ምን ትለኛለች ብሎ ሰጋ። ማለፍም አሰበ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊያልፍ ማርሽ አስገብቶ ነበር። ግን አንገቱን በመስኮቱ አወጣና፣

«እንደምን ዋሉ፣ እመት ኤሊ?» አለ።

ድምፁ ያው የጅብ ድምፅ ነው። አልጣፈጠም፣ እንደ ርግቢትም አልሆነም። ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። አያ ጅቦ ጠበቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ትንሽ የተጨማደደች አንገት ብቅ አለች።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እመት ኤሊ። ቀጥላም፣ «እርስዎስ እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ?»

ያቺ ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅራ የኖረች መልስ ያን ጊዜ ወጣች።

«ደኅና» አለ። «ደኅና ዋልኩ።»

ከዚያ በሩን ከፍቶ አቅፎ አስገባት፣ ቤቷም አደረሳት። መንገዱን ሁሉ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ አያ ጅቦ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም። አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ይመልሳል፤ እሱ ግን አይተውም።

ዘመን ሄደ፣ አያ ጅቦ አረጀና ሞተ። ጦጢትም ያችኑ ቮልስ በአዲስ ትውልድ ፊት ገበያ አወጣቻት። ሞተሯ ሞቷል፣ ቀለሟ ተልጧል። «የርግቢት መኪና! የርግቢት መኪና!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። ወጣቶቹ ርግቢት ማናት እያሉ አለፉ። ሊመሽ ሲል ጦጢት በአንድ ጆንያ አጥንት ልትለቃት ቆረጠች።

ያን ጊዜ ከገበያው ጀርባ፣ ባለፈው ሳምንት ከቤቷ ተነስታ ገና አሁን የደረሰች አንዲት አሮጊት ተጠጋች። እመት ኤሊ ናት።

«የአያ ጅቦ ናት?» ብላ ጠየቀች።

ጦጢት ዓይኗ በራ። ገዢ የሚለው ይገባታል። አዎን፣ የእሱ ናት አለች፤ ዋጋዋም የእመት ኤሊ የጎመን ማሳ በሙሉ ነው አለች። እመት ኤሊ አንድ ቃል ሳትከራከር እሺ አለች። ጦጢት ራሷ ግራ ገባት።

«እመት ኤሊ፣ የራስሽን የሸጥሽው ፍሬን መርገጥ አቅቶሽ አልነበረም? ይህቺ ደግሞ አትነሳም። ምን ልታደርጊባት ነው?»

«መስኮቷን ልከፍት» አለች እመት ኤሊ።

አስጎትታ ወሰደቻት፣ መንገድ ዳር አቆመቻት። ማታ ማታ ውስጧ ተቀምጣ፣ መስኮቷን ከፍታ፣ ለሚያልፈው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ትላለች።

እንግዲህ ስመ ጥር ለነዳው አሮጌ መኪና ሰው ለምን ያለ የሌለውን ይሰጣል ስትሉ ነበር። ብረቱንማ ማን ይፈልገዋል። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ የሄደውን ናፍቀው ነው፤ ባይመለስም የቆመበትን ይገዛሉ። ለእናንተስ የቆመላችሁ የለም? ካለ መልሱን ጉሮሯችሁ ውስጥ አታሳድሩት።

ተረቴ ይህን ያህል ነው። ስትወጡ በሩን ዝጉ፤ መስኮቱን ግን ተዉት፣ የሚያልፍ አይጠፋም።