ድንጋዩን አልሸከምም ያለችው ምልምል

አንዲት ልጅ ውትድርና ገባች። ማንም አላስገደዳትም፤ ወድዳ ነው የሄደችው። ከገጠር የመጣች፣ ጉልበተኛ፣ ንግግር የማታበዛ ልጅ ናት። ታንጉት እንበላት። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደልኝም። ዛሬም እፊታችሁ የቆምኩት ተናድጄ ነውና ታገሡኝ።

ማሠልጠኛው ቆላ ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣና ሮቶ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሮቶው ደግሞ ጠባቂ አለው። ለምን? ውሃው ለመጠጥ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጥበቃው ተራ ለታንጉት ደረሰ። አሠልጣኛቸው አሥር አለቃ ድንበሩ ልብሱን አስይዞ መጣ። በማግስቱ የንጽሕና ፍተሻ ስላለ ልብሱ መታጠብ አለበት። ክፈቺው አላት። የመጠጥ ውሃ መሆኑን ነገረችው። ትእዛዝ ነው አላት።

ወታደር ሲታዘዝ ምን ያደርጋል? ከፈተች። የእሱ ልብስ ታጠበ፤ የጓደኞቹም ተከትሎ መጥቶ ታጠበ። ስታጥብለት የዋለችው ዳግማዊት የምትባል ምልምል ናት። ከታንጉት ጋር አንድ ድንኳን ነው የሚያድሩት። የምልምሎቹ የጸሎት ቡድን መሪም እሷ ናት። ይህችን ልጅ ያዙልኝ።

በማግስቱ ቦቴው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ምልምሉ በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ ውሎ ተመለሰ፤ ሮቶው ባዶ ነው። አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች። ካምፑ ተናወጠ፤ ግምገማ ተጠራ።

ግምገማ ታውቃላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ ተቀምጣችሁበታል። ቀድሞ የተናገረ ይረታል። አሥር አለቃው ቀድሞ ተነሣና ጠባቂዋን እንቅልፍ ወስዷት፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ውሃው ፈስሶ አለቀ ብሎ ተቀመጠ። አፉን እንኳ አላደናቀፈውም። ግምገማውን የሚመራው ሻምበልም ወደ ታንጉት ዞሮ ሂስሽን ዋጪ አላት።

አልዋጠችም። የሆነውን እንደሆነ ተናገረች። ይባስ ብሎ አለቃዋን ደፈረች ተባለ። ቅጣቷም ተነገረ፤ ድንጋይ ተሸክማ በሰልፉ ፊት ሜዳውን ትዙር። ከዞረች ነገሩ ያበቃል፤ ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች። እምቢ ካለች ግን ወደ ቤቷ ትሰናበታለች።

ቀላል ቅጣት ነው፣ አይደል? ጓደኞቿም እንደዚያው አሏት። ጭቃ ላይ የተንከባለሉ ልጆች ናቸው፤ ድንጋይ ምን አላት ብለው ሳቁባት። ታንጉት ግን ሻምበሉ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሻምበል፣ ያንከባልሉኝ፣ ያስሩጡኝ፣ ፀሐይ ላይ ያቁሙኝ፤ እፈጽማለሁ። በአገሬ ግን ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ሰው ነው። ተሸክሞ ሄዶ የበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። እኔ ማንን በደልኩ? ይህን ድንጋይ አልሸከምም።»

በሻምበሉም አገር ወጉ ያው ነው። ቢሆንም ለአንድ ድንጋይ ብላ እንጀራዋን እንዳትገፋ መከራት። እሷ ግን አቤት ማለት እንደምትፈልግ ነገረችው። መብቷ ነበርና ነገሩ ወደ ማሠልጠኛው አዛዥ፣ ወደ ኮሎኔሉ ሄደ።

መካሪ ጎረፈላችኋ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ አሏት። አሥር አለቃውም ንጉሥ ሆኖ አረፈው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሏት። እያደር ይጠራል! ማን ያጥራው? እናንተ አፋችሁን ይዛችሁ፣ እውነት ብቻዋን ትጥራ?

ዳግማዊትም መጣች። ክርስቲያን አይከራከርም፤ ተሸከሚውና እግዚአብሔር ይፈርድልሻል አለቻት።

ታንጉት «እኔ ፍረጂልኝ አላልኩሽም» አለቻት። «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። አንዲት ቃል አትጨምሪልኝ።»

ዳግማዊት ምን አለች? እጸልይበታለሁ አለች።

ምኑ ነው የሚጸለይበት? ልብሱን ያጠበችው በገዛ እጇ ነው! እግዚአብሔር አይቷል፣ እሷም አይታለች። ታዲያ ምን ልትጠይቀው ነው የምትንበረከከው? ወገኖቼ፣ ጸሎት ከእውነት መደበቂያ ሲሆን ጸሎት አይባልም።

ኮሎኔሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሊሰማት ፈቅዶ ነው የተቀመጠው። ያየልሽ ሰው አለ ወይ አላት። ታንጉት ዳግማዊትን ጠራች። ዳግማዊት ገባች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እኔ አላየሁም» አለች።

በቃ። በዚያች ቃል የአንዲት ልጅ ሥልጠና፣ ስም፣ ተስፋ ገደል ገባ። ያለ ምስክር ኮሎኔሉ በምን ይፍረድ? ታንጉት ድንጋዩን ሳትሸከም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ዳግማዊት በር ድረስ ሸኘቻት፤ አቅፋት አለቀሰች፤ በጸሎት አስብሻለሁ አለቻት። ታንጉት ከሁሉ ያመማት ያ እቅፍ እንደሆነ ነግራኛለች።

አያችሁ፣ እናንተ ስትሰሙ በአሥር አለቃው ነው የተናደዳችሁት። እኔም ተናድጄበታለሁ። አሥር አለቃው ግን ያለ ዳግማዊት ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሐሰት ብቻውን አይቆምም፤ ደጋፊው ዝም ያለው ጨዋ ሰው ነው።

አማኝ አይከራከርም የምትሉ አላችሁ። ሌላውን ጉንጭህን አዙርለት ያለን ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንድ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ምን አደረገ? ለምን እንደመታው ሰውየውን ጠየቀው! አልተሳደበም፣ መልሶ አልመታም፤ ግን ጠየቀ። እናንተ ከእሱ ትበልጣላችሁ? ይቅርታ የበደለ ይጠይቃል፣ የተበደለ ይሰጣል። እኛ ገለበጥነው። ባል ሚስቱን ይመታል፤ ሽማግሌ ይሰበሰብና ሚስትየዋን ለሰላም ብለሽ ዝቅ በይ ይላታል። የማን ሰላም ነው? የመቺው!

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። እኔ ለአገልግሎት ወጥቼ ሳለሁ፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ጋሽ ኡርጌሳ አንድ ምሽት የጓሮውን በር ክፍት ጥሎ ሄደ ተብሎ ከሥራው ተባሯል። በሩን ቆልፌ ነው የሄድኩት፣ ከእኔ በኋላ የወጣ አለ ብሎ ተከራክሯል። ሽማግሌዎቻችን ይቅርታ ጠይቅና ሥራህን ያዝ አሉት። ባላጠፋሁት አልጠይቅም አለ። እኛም ትዕቢተኛ አልነው፤ ከዚያም በጸሎት አሰብነው።

ጋሽ ኡርጌሳ ዛሬ እዚሁ ነው፤ ከኋላ ተቀምጧል። ዞራችሁ አትዩት፤ እኔን እዩ። በዚያ ምሽት ልምምድ የነበራችሁ ዘማሪዎች እዚህ ናችሁ። ቁልፍ የያዛችሁም እዚህ ናችሁ። ማን በጓሮ በር እንደወጣ የምታውቁ አላችሁ፤ ፊታችሁ እየነገረኝ ነው።

ስለዚህ የማሰናበቻውን ጸሎት አሁን አላደርግም። መዝሙርም አይኑር። ያየ ይነሣና ያየውን ይናገር፤ ሌላ ምንም አይጨምር። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።