የሁለቱ ገደሎች ጩኸትና የሽኮኮዋ ውሸት

አንድ ጊዜ የዋሸሁትን ውሸት እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ሽኮኮ ነኝ፤ ብዙ ዓይን ሲያየኝ ቃል ይጠፋብኛል። ገደል ድምፅን እንዴት እንደሚመልስ፣ ጉም እንዴት እንደሚያፍነው ግን ከእናቴ በሚገባ ተምሬአለሁ።

በሸለቋችን ከወንዙ ወዲህ አህዮች፣ ከወንዙ ወዲያ በጎች ይግጣሉ። ከምሥራቁ ገደል ጋሼ ዝንጀሮ አህዮቹን፣ ከምዕራቡ ገደል እትዬ ጦጣ በጎቹን ይጠብቃሉ። ጅብ ሲመጣ አህዮች «ሽቅብ!» ተብለው ወደ ቋጥኙ ይወጣሉ፤ በጎች «ቁልቁል!» ተብለው ወደ እሾህ አጥራቸው ይወርዳሉ።

ችግሩ ሁለቱ ጠባቂዎች እኩል መጮኻቸው ነበር። አንድ ቀን የአህዮቹ መሪ እመት አህያ ከተደበላለቀው ጩኸት «ቁልቁል!» የሚለውን ለይታ ሰማችና ወረደች። ጅብ ከታች አድፍጦ ኖሮ ውርንጭላዋ ጭራውን ትቶለት ለጥቂት አመለጠ።

«ያንቺ ጩኸት ነው ልጁን ያስነከሰው!» አለ ጋሼ ዝንጀሮ።

«አንተ አፍህን ብትዘጋ ማን ይሳሳታል? አንተ መቀመጫህ የተላጠ!» አለች እትዬ ጦጣ።

ጅብ ከቁጥቋጦው ሆኖ ሳቀ። «ጩኹ እንጂ! የቀረውን ደግሞ ነገ እበላዋለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሸለቆው በጉም ተሸፈነ። የጅብ ሽታም መጣ። በሁለቱ ገደሎች መካከል ካለ ድንጋይ ላይ ሆኜ እንደምንም ደፍሬ ለሁለቱም ተናገርኩ።

«ፊታችሁን ወደየመንጋችሁ አዙሩ፤ ድምፃችሁንም ቀንሱ። አንዳችሁ ስትጣሩ ሌላችሁ ዝም በሉ።»

«አህያዋ በዚህ ጉም ውስጥ የት እንዳለች ታውቂያለሽ?» አለኝ ጋሼ ዝንጀሮ።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩ።

አላውቅም ነበር። ያየኋት ጠዋት ሾላው ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄደች ምን አውቄ? ስለዚህ ጋሼ ዝንጀሮን ልክ ወደ ሾላው አላዞርኩትም። ከሾላው ሃያ እርምጃ ወዲያ ወይም ወዲህ ብትሆንም የሚሰማት፣ በጎቹ ጋ ግን የማይደርስ አቅጣጫ መረጥኩለት። ለእትዬ ጦጣም እንዲሁ አደረግሁ።

«ሽቅብ! ሽቅብ!» አለ ጋሼ ዝንጀሮ፤ ከዚያ ዝም አለ። «ቁልቁል! ቁልቁል!» አለች እትዬ ጦጣ በተራዋ። ትንሽ ቆይቶ ቋጥኙን የሚወጣ የኮቴ ድምፅ ተሰማ።

ጅብ ግራ ገባው። «ዛሬ ምን ነካቸው? በቃ፣ እኔው ልጥራት!» አለና በሻካራ ድምፁ «ቁልቁል!» ብሎ ጮኸ።

«አያ ጅቦ» አለች እመት አህያ ከቋጥኙ ላይ፣ «ጭራውን የበላህበት ልጅ ከጎኔ ቆሟል። አንተ ዛሬ ሣር ሞክር!»

በጎቹም አጥራቸው ውስጥ ነበሩ። ሁሉም «ሽኮኮ በጉም ውስጥ ታያለች!» ብለው አመሰገኑኝ። ከማፈሬ የተነሣ ቀና ማለት አቃተኝ፤ ልቤ ግን በኩራት ሞልቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወረድኩና ከሾላው ተነሥቼ የኮቴዋ ዱካ ወደ ቋጥኙ እስከታጠፈበት ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት እርምጃ። ሁለት እርምጃ ብቻ ብትርቅ ኖሮ ጥሪው ባልደረሳት ነበር። ከዚያ ወደ እመት አህያ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ትናንት ጥሪው እንዴት ተሰማሽ? ዛሬስ ወዴት ትግጫለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን ባናውቅም እንኳ ለስሕተታችን ቦታ ትተን ከጎረቤታችን ጋር ተራ ከተጠባበቅን፣ ድምፃችን ለሚጠብቀው ጆሮ እንደሚደርስ ነው።