ሐይቅ ያረመው ሰው

አንድ የሐይቅ ዳር ሰው ነበረ። «ቀንድ አውጣውና ዛጎሉ ይህ ሁሉ ዓይነት ለምን ተፈጠረ? የሚጠቅመን አንዱ አይበቃም ወይ?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ፣ የእሱን ነገር ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ይህ ሰው ከደጋ ወርዶ የሰፈረ ገበሬ ነው። ከቤቱ በታች ድንጋይ የከበበው ጸጥ ያለ የውሃ ጥግ ነበረው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃው ያለ አይመስልም፤ ነጫጭ ዛጎሎች አሸዋው ላይ እንደ ተኙ ከዋክብት ይታያሉ። በዚያ አገር ሙሽራ የምታጌጠው ከአባቷ የውሃ ጥግ በተለቀመ ነጭ ዛጎል ነው። የሚለቀመውም ነፍሱ የወጣ፣ ማዕበል ወደ ዳር የተፋው ባዶው ብቻ ነው። በሕይወት ያለ አይነካም።

ሰውየው ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ታላቂቱ ለሠርግ ስትደርስ «የለቀምሁት አይበቃም፤ በአማቾቼ ፊት አፍራለሁ» ብሎ ተጨነቀ። ወደ ውሃው ቢያይ በነጮቹ መካከል ድንጋይ የሚልሱ ጥቋቁር ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከጭቃውም ውስጥ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ውሃ የሚስቡ፣ መልከ ጥፉ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች አሉ። «የነጮቹን ቦታና ምግብ የሚሻሙ እነዚህ ናቸው» አለ። ጎንበስ ብሎ እየለቀመ ፀሐይ ላይ ይጥላቸው ጀመር።

ውሃ ልትቀዳ የመጣች ጎረቤቱ አይታ ሳቀች። «አያ፣ ምነው? ሐይቁን መንጥረህ ጤፍ ልትዘራበት ነው?»

«አረም ነው የማወጣው፣ እቴ። እናንተ የሐይቅ ልጆች ማረም መቼ ታውቃላችሁ!»

ጥቋቁሮቹ ሲያልቁ ድንጋዩ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ሽፋን ለበሰ። ባለ ክዳኖቹ ሲያልቁ ውሃውን የሚያጠራ ጠፋ፤ ጥጉ እንደ አተላ ደፈረሰ። ነጮቹም አንድ ሳይቀሩ ታፍነው ሞቱ፤ ማዕበሉም ዛጎላቸውን ባንድ ጊዜ ዳር ላይ ከመረው።

ታላቂቱ ልጅ ከዚያ በፊት ማንም ሙሽራ ባላጌጠችበት ጌጥ ተዳረች። ስትራመድ ዛጎሉ እንደ ካፊያ ይንሾካሾክ ነበር። እንግዳው ሁሉ እልል ሲል እናቲቱ ብቻ ታናሺቱን ልጅ ጉያዋ ሸጉጣ ታለቅስ ነበር።

ልጄ፣ እኛም በሐይቁና በባሕሩ ላይ እንደዚያ ሰው ነን። የምንፈልገውን አንዱን እናውቃለን፤ እሱን በሕይወት የሚያኖሩትን ግን አናውቃቸውም። ስለዚህ ሥራውን ያላወቅኸውን ፍጥረት አረም አትበለው። ከውሃም ስትወስድ፣ ገና ያልተዳረችውን አስብ።