ቀዳዳውን አሳዪኝ

ዶክተር ልሳነወርቅ በኮምፒውተር በሠሩት ስሌት መሠረት፣ ከሸክላ አለት ሥር የታመቀ ጋዝ ለሺህ ዓመት ሾልኮ አይወጣም። በሙከራው ጉድጓድ ላይ ግፊት መለኪያ የምታነብ አንዲት ሠራተኛ ግን መዝገቡ ላይ «ዛሬ ጠዋት ወጣ» ብላ ጻፈች።

ዶክተሩ ተናደዱ። ቢሯቸውን ዘግተው፣ መስኮቱንም ቆልፈው፣ የስንብት ደብዳቤዋን በገዛ እጃቸው ጽፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ እንግዶች አስከትለው ጉድጓዱ ድረስ መጡ።

«አንቺ ነሽ ስሌቴን ያፈረስሽው?»

«እኔ ምን አቅም አለኝ ጌታዬ? ጋዙ ነው እንጂ።»

ከጉድጓዱ የወጣ የአለት ቁራጭ አንስተው አፍንጫዋ ሥር ደቀኑት። «ይኸው፣ እንደ እንቁላል ድፍን ነው! ያለፈበት ቀዳዳ የታለ?»

«ጋዝ ሲታፈን ሸክላውን ገፍቶ ይሾልካል። ካለፈ በኋላ ሸክላው መልሶ ይገጥማል።»

«ተረቱን ተይውና ቀዳዳውን አሳዪኝ! አሁኑኑ ካላሳየሽኝ ሥራሽ እዚሁ ያበቃል።»

«እሺ ጌታዬ፣ አሳይዎታለሁ» አለች ሠራተኛዋ። «በቅድሚያ ግን እርስዎ አንድ ቀዳዳ ያሳዩኝ። ኪስዎ ውስጥ ያለው የስንብት ደብዳቤዬ ወሬ፣ ከዚያ ከተቆለፈ ቢሮ በየት በኩል ሾልኮ ነው ትናንት ከሰርቪስ ሳልወርድ የደረሰኝ?»